ከገና እስከ ጥምቀት፦ በላሊበላና በጎንደር መካከል ያለው ርቀት

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጥምቀት ጥር 11። በመካከላቸው 12 ቀን አለ። ገናን ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም አናት ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ሰምቶ፣ ጥምቀትን ደግሞ ጎንደር፣ በአፄ ፋሲል መጠመቂያ ዳር ሊያከብር ለሚነሣ የድሮ ተሳላሚ ያ 12 ቀን ልኩ ነበር። በቀን 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እግረኛ በ12 ቀን ከ240 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የላስታን ቁልቁለት ወርዶ፣ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ፣ የበጌምድርን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ለሚገባ ሰው መንገዱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ዛሬ በሁለቱ ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከከተማ ከተማ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ ሙሉ ቀኑን ይወስድበታል። አንድ መነሻ፣ አንድ መድረሻ፣ ሦስት ዓይነት ርቀት።

ሁለቱም ከተሞች በየዘመናቸው የነገሥታት መቀመጫ ነበሩ። ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የዛጉዌ ነገሥታት ማዕከል ነበረች። ጎንደርን አፄ ፋሲል የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ወዲህ አንድ ስንዝር አልረዘመም፣ አላጠረም። የተለወጠው መሬቱ ሳይሆን መንገደኛው በመካከሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህ ቅኝት የሚከተለው ያን ለውጥ ነው።

ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ነበር

«ምዕራፍ» ስንል ዛሬ የመጽሐፍ ክፍል ማለታችን ነው። የቃሉ ሥር ግን «ዐረፈ» ነው፤ ምዕራፍ ማለት መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ ነበር። ከዚያም የርቀት መለኪያ ሆነ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ 5 እና በሉቃስ 24፣ የመንገድ ርዝመት የተነገረው በምዕራፍ ነው። መጽሐፍንም በምዕራፍ የከፈልነው አንባቢ እንደ መንገደኛ ማረፍ ስለሚያስፈልገው ነው ቢባል ከቃሉ መንፈስ አይርቅም።

በእግር ዘመን ርቀት በመሬት አይለካም፤ በሰውና በእንስሳ ጉልበት ይለካል እንጂ። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «ጀንበር ሳትጠልቅ ትደርሳለህ»፣ «ሦስት አዳር አለው» ይባላል። አንዱ አዳር ከሌላው እኩል አይደለም፤ ዳገት የበዛበት ቀን አጭር፣ ሜዳ ያለበት ቀን ረጅም መንገድ ይወጣዋል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ከሲራራ ነጋዴ ይፈጥናል፤ ጭነት የተሸከመ አጋሰስ ግን በየቦታው ማራገፍ፣ መጋጥ፣ ውኃ መጠጣት አለበት። ከባሕር የሚመጣው መንገደኛም በዚሁ ሕግ ነበር የሚሄደው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1769 እስከ የካቲት 1770 ድረስ 3 ወር ያህል ተጉዞ ነው። በአየር ቢለካ ያ ሁሉ መንገድ 400 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የርቀቱ ሌላ መለኪያ ስንቅ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ የሚዘጋጀው በሚያልፈው ቀን ቁጥር ነው፤ እናት ለልጇ የቋጠረችው ስንቅ መጠን መንገዱ ስንት ቀን እንደሆነ ይናገራል። ስንቅ ሲያልቅ ደግሞ የሰው ቤት አለ። ሲመሽ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እግሩ ይታጠባል፤ ከመደብ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ እንዴት እንደከረመ፣ ገበያው ምን እንደሚመስል ይጠየቃል። መንገደኛው ወሬ ያመጣል፤ ባለቤቱ ማደሪያ ይሰጣል። ከላሊበላ ጎንደር የሚሄድ ሰው በ12 ቀን 12 ቤት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ያቆም ነበር፦ ክረምት። ተከዜ ሲሞላ ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ እስከ መስከረም አይጠየቅም። መልእክት ይቆያል፤ ነጋዴ ካለበት አይነቃነቅም። ርቀት በወቅትም ይለካ ነበር፤ በጥር 12 ቀን የነበረው መንገድ በነሐሴ መጨረሻ አልነበረውም።

የሴባስቶፖል 6 ወር

ይህ አገር ለመንገድ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የሚነግረን አንድ ትልቅ ታሪክ አለ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ነበር። ከደብረ ታቦር መቅደላ በአየር ቢለካ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከላሊበላ ጎንደር ካለው ርቀት እንኳ ያንሳል። ንጉሡ መቅደላ የደረሱት ግን በመጋቢት ነው። 6 ወር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

እንዲህ የዘገዩት ስለሰነፉ አይደለም፤ በየቀኑ መንገድ ስለሚሠሩ ነው እንጂ። ድንጋይ ይፈለጣል፤ ገደል ይቆረሳል፤ የተቆረሰው ይደለደላል፤ ከዚያ ሴባስቶፖል በብዙ መቶ ሰው ጉልበት ይሳባል፣ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ በገመድ ወደ ኋላ ይያዛል። በጋይንት አልፈው፣ የዋድላንና የደላንታን ሸለቆዎች ወጥተው ወርደው፣ የበሽሎን ገደል ተሻገሩ። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ንጉሡን ሊወጋ ቀጥሎ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በዚያው መንገድ ባለፈ ጊዜ የሥራውን ጥራት አድንቋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ ሴባስቶፖል እስካሁን መቅደላ ላይ አለ።

ይህን ታሪክ የማነሣው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የሚጠራው በእሳቸው ስም ስለሆነ ነው። 155 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6 ወር መንገድ የቆረሱ ንጉሥ ስም፣ 180 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት በሚያልፍ አውሮፕላን ውስጥ በማስታወቂያ ድምፅ ይነገራል። ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም እላለሁ። ይህን ምድር በኃይሉ ለማሸነፍ የተነሣ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንደከፈለ ስሙ ያስታውሰናልና።

ሞተሩ መጀመሪያ የተሰማበት ሜዳ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የመጣው ይህ ፖቴዝ 25 የተባለ አውሮፕላን አብራሪው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ።

የሰሜኑ ሕዝብ ግን አውሮፕላንን የተዋወቀው በሰላም አልነበረም። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር አንቺም ላይ ሲዋጉ፣ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ አንዣበበ። መጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነበር፤ ከመንግሥቱ ጋር የሚዋጋ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን እንደተወገዘ የሚናገር ጽሑፍ። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። መጋቢት 22 ቀን ራስ ጉግሣ በጦር ሜዳው ወደቁ። አንቺም ከጎንደር ወደ ላስታና ወሎ በሚያወጣው የደጋ መስመር አካባቢ ያለ ሜዳ ነው። አርሶ አደሩ በሬውን አቁሞ ቀና ብሎ ያየው የመጀመሪያው አውሮፕላን ውግዘትና እሳት የያዘ ነበር።

ሁለተኛው ትውውቅም ከጦርነት አልራቀም። ጣልያን በወረራው ዘመን ጎንደርን የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ አደረጋት፤ ከከተማው ደቡብ አዘዞ ላይ የጦር አውሮፕላን ሜዳ ነበረው፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድም ሠራ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ ሆና የወደቀችው ጎንደር ናት። ዛሬም የጎንደር መንገደኛ አውሮፕላን የሚሳፈረው በዚያው በአዘዞ አቅጣጫ ወጥቶ ነው።

ከቆዳ ጠረን እስከ ቱሪስት መስመር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ከአሜሪካኑ አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ የሥራ ስምምነት፣ ከጦርነቱ በተረፉ 5 ሲ 47 አውሮፕላኖች ሥራ ጀመረ። ሲ 47 ማለት ለጦር ሠራዊት የተዘጋጀ ዲሲ 3 ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ።

ዲሲ 3 ለዚህ አገር የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሣር ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ጠጠር አይፈራም፤ መቀመጫው ተነሥቶ ቡና፣ ቆዳ፣ ጨው ይጫንበታል። ብዙ የክፍለ ሀገር ከተማ መኪና መንገድ ሳያይ አውሮፕላን ያየው በዚህ ምክንያት ነው። መንገድ ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ ሜዳ ለመጥረግ ግን ጥቂት ሳምንትና ብዙ ሰው ይበቃል። ከብቶች ከሜዳው ይባረራሉ፤ ነፋስ አመልካቹ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ማረፊያው ያ ነው።

በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም፣ መሪው አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እነዚህን የተበታተኑ ማረፊያዎች በአንድ ክር ሰፏቸው። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለአገራችን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የጉዞ ትኬት የሚዞሩ ሆኑ፤ መስመሩም «የታሪክ መስመር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላ፣ በ1979 ደግሞ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ መስመሩ የበለጠ ክብር አገኘ። በነገሥታት ዘመን አራት መቶ ዓመት የሚራራቁት ሁለቱ መናገሻዎች ጠዋትና ከሰዓት ሆኑ።

የላሊበላ ነገር ግን ለብቻው መነገር አለበት። ማረፊያው ለረጅም ዘመን የአፈር ሜዳ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል፤ አውሮፕላን አያርፍበትም። ተከዜ እግረኛውን እንዳቆመው ሁሉ ጭቃው አብራሪውን አቆመው፤ ሞተርም ለወቅት ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ አስፋልት ማኮብኮቢያና አዲስ ተርሚናል እስኪሠራ ድረስ ላሊበላ በአየር የምትገኘው በበጋ ብቻ ነበር። ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሹምሽሃ ሜዳ ላይ ነው፤ ከተማዋ ራሷ የተቀመጠችው በ2,500 ሜትር ከፍታ ተረተር ላይ ስለሆነ ከቅርቧ ሜዳ የሚባል አልተገኘም።

180 ኪሎ ሜትር ስለምን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል?

ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ውስጥ በረራ የለመድነው ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ፍጥነት 180 ኪሎ ሜትር 16 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ታዲያ የቀረው ሩብ ሰዓት የት ገባ?

መጀመሪያ 180ው ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። አብራሪዎች ርቀት የሚቆጥሩት በኖቲካል ማይል ነው። አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መነሻው የምድር ዙሪያ በ360 ዲግሪ፣ እያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ በ60 ደቂቃ መከፈሉ ነው፤ የዚያ አንዱ ደቂቃ ቁራጭ አንድ ማይል ሆነ። የጎንደር ማረፊያ በ12 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ነው፤ የላሊበላው በ12 ዲግሪ ግድም። በኬንትሮስ ደግሞ ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ ይራራቃሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው በሉል ላይ አጭሩ መስመር 97 ኖቲካል ማይል ያህል ይመጣል፤ ከጎንደር ሲነሡ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው።

አውሮፕላን ግን በክር ላይ አይሄድም። ከቆመበት ተነሥቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይደርሳል፤ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ይነሣል። የነፋሱ አቅጣጫ ከመድረሻው በተቃራኒ ካስነሣው ወደ መድረሻው ለመዞር ደቂቃዎች ያጠፋል። ከዚያ መውጣት አለ። ሁለቱም ማረፊያዎች በ2,000 ሜትር ከፍታ ግድም ናቸው፤ ከላሊበላ በላይ ግን አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ቆሟል። በተራራማ አገር በመሣሪያ የሚመራ በረራ ከከፍተኛው መሰናክል ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ማለት ስላለበት፣ አውሮፕላኑ 3,000 ሜትር ያህል ወጥቶ ወዲያው መልሶ መውረድ ይጀምራል። ሲወጣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲወርድና ለማረፍ ሲሰለፍም እንዲሁ። በሙሉ ፍጥነት የሚበርበት ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።

በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን በሚገባ አያነሣም፤ ሞተሩንም ያደክመዋል። በቀትር ሙቀት ደግሞ የባሰ ይሳሳል። ስለዚህ ወይ ማኮብኮቢያው ይረዝማል፣ ወይ ጭነቱ ይቀነሳል። ሻንጣ ሲመዘን የሚሰለቸን ሁሉ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው፤ ሚዛኑ የሚያሰላው የሻንጣችንን ክብደት ብቻ ሳይሆን የደጋውን አየር ነው።

ከዚህ አንድ የሚገርም ውጤት ይወጣል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የማይሞላው የድሮው ዲሲ 3 ይህን መንገድ ከአርባ ደቂቃ ብዙም ሳይበልጥ ይፈጽመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤቲአር 42፣ ፎከር 50፣ ኪው 400 እየተተካኩ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ጊዜው የቀነሰው ግን በሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በአጭር በረራ ጊዜ የሚበላው ርቀቱ አይደለም፤ መነሣትና ማረፍ ነው። የእግረኛውም መንገድ እንዲሁ ነበር፤ ያስረዘሙት ማረፊያዎቹ ነበሩ።

ከክንፉ ሥር ያለው አገር

ያ መስመር በምን ላይ ያልፋል? ከአዘዞ ተነሥቶ በለሳን ያቋርጣል፤ የእብናትን ቆላ በቀኙ ይተዋል፤ ወደ ላይኛው ተከዜ ሸለቆ ይደርሳል፤ ቡግናን አልፎ ላስታ ይገባል። እነዚህ በበረራ ሰሌዳ ላይ የማይጻፉ ስሞች ናቸው። አፈሩ የተሸረሸረ፣ ዝናቡ የማይታመን፣ ረሃብ ደጋግሞ የጎበኘው ምድር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች መንገድ ወደሌላቸው የአገራችን ደጋዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ጥለዋል። አውሮፕላን ከላይ ለዘመናት ያለፈባቸው ቦታዎች መኪና አልደረሰባቸውም ነበርና እህሉ ከሰማይ ካልወረደ ሌላ መግቢያ አልነበረውም።

መኪናው ስለምን እጥፍ ይርቃል? ሸለቆውን ስለሚፈራ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ደቡብ ወረታ ይወርዳል፤ ከዚያ ደብረ ታቦርን፣ የጋይንቷን ነፋስ መውጫን፣ ፍላቂትን እያለ በደጋው ጀርባ ላይ ጋሸና ይደርሳል፤ ከጋሸና ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር፣ በቻይና መሐንዲሶች አመራር በደርግ ዘመን የተሠራ ነው። ከሴባስቶፖል መንገድ ጋር በጋይንትና በዋድላ አካባቢ ይቀራረባል፤ ንጉሡ የመረጡትን ደጋ መሐንዲሶቹም ከመቶ ዓመት በኋላ መረጡት።

የዚያ መንገድ ዕድል ለአካባቢው ምን እንደሆነ ለማየት ነፋስ መውጫ ወይም ጋሸና ላይ መውረድ ይበቃል። አውቶቡስ በቆመበት ሁሉ ሻይ ቤት አለ፤ የተጠበሰ በቆሎ የያዘ ልጅ አለ፤ መኝታ ቤት አለ፤ ጎሚስታ አለ። መንገዱ ማረፊያዎችን ወልዷል። በአየሩ መስመር ሥር ያሉት በለሳና ቡግና ግን ከአውሮፕላኑ የሚደርሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። አውሮፕላን ሁለቱን ጫፎች ሲያቀራርብ መካከሉን አይነካም። በታሪክ መስመር የዞረ ጎብኚ ጎንደርንና ላሊበላን አይቶ ይመለሳል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር ግን ሳያይ ነው።

ቁጥሩ የሚለወጥበት ቀን

ርቀት የማይለወጥ ነው ብያለሁ። የበረራ ርቀት ግን ይለወጣል። በጎንደርና በላሊበላ መካከል ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን መንገደኛው በአዲስ አበባ በኩል መዞር አለበት። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 180 የነበረው 750 ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓቱ በቦሌ ከሚጠበቀው ጋር ግማሽ ቀን ይወጣዋል። የአየር መንገድ አሠራር ሁሉን በአንድ ማዕከል ሰብስቦ መልሶ መበተን ነው፤ ለትርፍ ይመቻል፤ አውሮፕላንም ባዶውን አይበርም። ሁለት ጎረቤቶች ግን በዋና ከተማው በኩል ካልሆነ የማይገናኙ ይሆናሉ።

ከዚህም የከፋ ቀን አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ሲደርስ የላሊበላ በረራ ቆመ፤ ጎብኚ የለመደች ከተማ ከሰማይም ከምድርም ተቆረጠች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግጭት እንደገና ሲነሣ ወደ ጎንደርም ወደ ላሊበላም የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋረጠ። መኪናውም በየኬላው ቆመ። በእነዚያ ቀናት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር አይነገርም ነበር። የታመመ ወላጅ ያለበት፣ ልጁ ማዶ የቀረበት ሰው ርቀቱን የሚቆጥረው በሌሊቶች ነበር።

በዚያ ጊዜ በእግሩ የተነሣ ሰው ምን እንዳጋጠመው እናስብ። አያቱ ያውቋቸው የነበሩትን 12 ማደሪያዎች እሱ አያውቃቸውም። የትኛው ምንጭ በጥር እንደማይደርቅ፣ ተከዜን የት መሻገር እንደሚቻል፣ የትኛው አምባ ላይ ለመሸበት ደግ ቤት እንዳለ የሚነግረው የለም። ሁለት ትውልድ በመኪናና በአውሮፕላን ሲሄድ ያ ዕውቀት ከአፍ ወደ አፍ መተላለፉን አቆመ።

ማረፊያዎቹን እንጻፋቸው

«አውሮፕላን ማረፊያ» ስንል የምንጠቀመው ቃል ከ«ምዕራፍ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። የእግረኛው መንገድ 12 ማረፊያ ነበረው፤ የመኪናው አምስት ስድስት፤ የአውሮፕላኑ ሁለት ብቻ። በቁጥሩ ማነስ ያገኘነው ብዙ ነው፦ ሐኪም ቤት የሚደርስ በሽተኛ፣ በዓሉን በቀኑ የሚያከብር ተሳላሚ፣ ከዓለም ዳር መጥቶ ዓለት የተፈለፈለበትን ጥበብ የሚያይ ጎብኚ። ይህን የሚንቅ ሰው 12 ቀን በእግሩ ያልሄደ ነው። ቀጥታ በረራው እንዲዘወተር፣ የላሊበላ ማኮብኮቢያ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን የምመኘው ለዚህ ነው። በለሳና ቡግና ደግሞ የራሳቸው ጠንካራ መንገድ ይገባቸዋል፤ ከላይ ስለታለፈባቸው ብቻ እንደደረስንባቸው አንቁጠር።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ግን ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል፣ ብር የማይጠይቅ ሥራ አለ። ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር በእግራቸው ያከበሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በላስታም በበለሳም አሁንም አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የላሊበላ ደብሮች ጸሐፊዎች አሏቸው። ደብተር ይዞ ሄዶ «አባቴ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት የት አደሩ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የመጀመሪያው አዳር ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሁለተኛው፤ እንዲህ እያለ እስከ 11ኛው። 12ኛው ጎንደር ነው፤ ከተራው ምሽት ታቦታቱ ወርደው በፋሲል መጠመቂያ ዳር ያደሩበት፣ መንገደኛውም እግሩን ታጥቦ ከእነሱ ጋር ያነጋበት።